ኮምፓይል እምቢ ሲል፦ የጎደለው ነገር ስሙን ይናገራል

ዘጌ ቡና ያበቅላል እንጂ ጤፍ አያርስም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስሄደው ይህ የጣና ባሕረ ገብ መሬት፣ ከገዳማቱ ጋር በቆየ ልማድ፣ በሬ አይጠመድበትም፤ ከብትም አይረባበትም። ደኑ ጥቅጥቅ እንዳለ የቆየው፣ ቡናውም በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ እንጀራው ከየት ይመጣል? ከውጭ ነዋ! የዘጌ ሰው ቡናውን ይሸጥና እህሉን አፋፍ ገበያ ወጥቶ ይገዛል። ዘጌ በቡናው ምንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ ከሌላ ቦታ የሚመጣለት እህል ከሌለ ሌማቱ አይሞላም።

ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፕሮግራም እንደዚሁ ነው። የራሱን ሥራ ይሠራል፣ የቀረውን ከሌሎች ይወስዳል። ፎቶ የሚያሳያችሁ ፕሮግራም የፎቶውን ፋይል የመፍታቱን ሥራ ራሱ አይሠራውም፤ ለዚያ ተብሎ የተጻፈ ሌላ ኮድ ይጠራል። ያ ሌላ ኮድ ላይብረሪ ይባላል። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ላይብረሪ ደግሞ የፕሮግራሙ ዲፔንደንሲ እንለዋለን፤ «ተፈላጊ» ብትሉትም ያስኬዳል።

ፕሮግራም አውርደን ስንጭን ይህን ሁሉ አናየውም። አንድን ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት ስንነሳ ግን ይገለጥብናል። ጥቁሩ መስኮት ላይ መቶ መስመር ይፈስስና መጨረሻው ላይ «ስሕተት» ብሎ ቀጥ ይላል። ብዙ ተማሪ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ላፕቶፑን የሚዘጋው እዚህ ጋ ነው።

አትዝጉት! ያ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከቤት የተላከ የገበያ ዝርዝር ነው፦ «ይህ ጎድሎኛል፣ አምጡልኝ» ይላል። የሚጮኸው ጉድለት ስሙን ስለሚነግረን መድኃኒቱ ቀላል ነው። ልንጠነቀቅለት የሚገባው ሳይጮኽ የሚያልፈው ነው። ሁለቱንም በአንድ እውነተኛ ፕሮግራም ላይ እናያቸዋለን። ትእዛዞቹና የፋይል ስሞቹ ኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ናቸው፤ እዚህ ግን እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ጥሬ ቡናና የተፈጨ ቡና

ሱቅ ሄዳችሁ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ የተቀመጠ ቡና መግዛት ትችላላችሁ። ውኃ አፍልቶ መጨመር ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ከዘጌ በጆንያ የመጣ ጥሬ ቡና ከሆነ ግን መልቀም፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ አለባችሁ።

የምንጭ ኮድ ጥሬው ቡና ነው። ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ግን እንዳለ አይገባውም። ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው የራሱን የቁጥር መመሪያ ብቻ ነው። ጽሑፉን ወደዚያ መመሪያ የሚቀይረው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል፤ ሥራውም ኮምፓይል ማድረግ ነው። ተቀይሮ ያለቀው፣ ለመሮጥ የተዘጋጀው ፋይል የተፈጨው ቡና መሆኑ ነው።

ምሳሌውን አንድ እርምጃ እናስኪደው። ጥሬውን ለያዘ ሰው ምጣድና ሙቀጫ ያስፈልገዋል፤ የተፈጨውን ለገዛ ሰው ግን አያስፈልገውም። ጀበና ለሁለቱም የግድ ነው። ቆሎው ወይም ፈንዲሻው ደግሞ ቢኖር ደስ ይላል፤ ባይኖርም ቡናው ይጠጣል። ተፈላጊዎችም በእነዚሁ ሦስት ዓይነቶች ይመደባሉ፦ ለመገንባት ብቻ የሚያስፈልጉ፣ ለማስኬድም የሚያስፈልጉ፣ እንዲሁም ካሉ የሚጠቅሙ፣ ከሌሉ ግን የሚታለፉ። ይህን ክፍፍል ያዙት፤ ኋላ ላይ ሦስተኛው ዓይነት ጉድ ይሠራናል።

ለምን ራሳችን እንገነባለን?

ሐቁን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች የምትጠቀሙ ከሆነ «አፕት» የሚባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ከነተፈላጊዎቹ ያመጣላችኋል። ከምንጭ ኮድ መገንባት የሚመጣው የተዘጋጀው ፓኬጅ ያረጀ ሲሆን፣ ወይም ኮዱን ራሱን መቀየር ስትፈልጉ ነው።

ለእኛ ሁለቱም ምክንያት የሚገጥሙበት ጥሩ ምሳሌ አለ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በመሰሉ የዘጌና የጣና ገዳማት ለዘመናት የተጠበቁ የብራና መጻሕፍት አሉ። ብራናን ፎቶ ማንሳት ለጥበቃው ትልቅ ነገር ነው፤ ፎቶው ውስጥ ግን ቃል መፈለግ አይቻልም። ለኮምፒውተሩ ፎቶው የቀለም ነጥቦች ክምችት ነው፤ «ሀ» የት እንዳለ አያውቅም። የምስልን ጽሑፍ ወደሚፈለግና ወደሚቀዳ ጽሑፍ የሚቀይረው ቴክኖሎጂ ኦሲአር ይባላል።

በነጻ ከሚገኙት የኦሲአር ፕሮግራሞች ዋነኛው ቴሰራክት ነው። ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ሠራው፤ በ2005 የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ተከፈተ። በ2018 የወጣው 4ኛው ትውልድ በነርቭ መረብ ማንበብ ጀመረ፤ 5ኛው ትውልድ በ2021 ወጣ። አማርኛና ትግርኛም ያነባል።

ይሁን እንጂ ከፕሮግራሙ ጋር የሚሰጠው የአማርኛ ሞዴል የተማረው በኮምፒውተር ፎንት በተጻፉ መስመሮች ነው። በብርዕና በቀለም ብራና ላይ የተጻፈ ፊደል ሌላ መልክ አለው። እዚህ ላይ የባሕር ዳር ተመራማሪዎች ድርሻ ይመጣል። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ብርሃኑ በላይና ጀርመን ካይዘርስላውተርን ያሉ ባልደረቦቹ፣ ከ330 ሺህ በላይ የአማርኛ መስመር ምስሎችን የያዘ የመማሪያ ክምችት አዘጋጅተው ለሕዝብ ከፍተዋል። ከዚያም በኋላ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ፣ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉ ሰነዶች የተወሰዱ የእጅ ጽሑፍ መስመሮች ክምችት ወጥቷል። መማሪያው አለ ማለት ነው፤ የሚቀረው የሚማረው ፕሮግራም ነው።

አሁን ኡቡንቱ 22.04 የተጫነበት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችኋል እንበል። አፕት የሚሰጣችሁ ቴሰራክት 4.1.1 ነው። 5ኛውን ትውልድ ከፈለጋችሁ፣ ወይም የግዕዝ ፊደል ላይ የሚሠራውን ክፍል ራሳችሁ መነካካት ካሰኛችሁ፣ ጥሬውን አምጥታችሁ መቁላት ነው።

ከታች ወደ ላይ

ቴሰራክት ምስል አይከፍትም። ለዚያ ሌፕቶኒካ የሚባል ላይብረሪ ይጠራል። ሌፕቶኒካም የእያንዳንዱን ምስል ዓይነት አከፋፈት ራሱ አልያዘም፤ ለፒኤንጂ ፋይል ሊብፒኤንጂን፣ ለቲፍ ፋይል ሊብቲፍን፣ ለጄፔግ ሊብጄፔግን ይጠራል። ፒኤንጂ ምስል ታምቆ የሚቀመጥ ስለሆነ ሊብፒኤንጂ ደግሞ በተራው ዜድሊብ የሚባለውን የማመቂያ ላይብረሪ ይፈልጋል። ዜድሊብን ዣን ሉ ጋይና ማርክ አድለር የሚባሉ ሰዎች ጽፈው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ሁሉ አለ።

ስለዚህ ሁሉንም ከምንጭ ኮድ የምንገነባ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ዜድሊብ፣ ሊብፒኤንጂ፣ ሌፕቶኒካ፣ ቴሰራክት ነው። ጣሪያ ከግድግዳ በፊት አይወጣም። በሒሳብ ይህ ቶፖሎጂካል ቅደም ተከተል ይባላል፤ «ማንም ተፈላጊው ሳይዘጋጅ ተራ አይደርሰውም» ማለት ነው። ሊብቲፍም ዜድሊብን ሊጠቀም ይችላል፤ ሁለት ሰው ቢፈልገው ግን አንዴ መገንባቱ ይበቃል። አፕት በአንድ ትእዛዝ የሚሠራላችሁ ሥራ ይህንን ሰንሰለት መከተል ነው። ምትሃት የለበትም።

አራቱ በሮች

ከምንጭ ኮድ እስከሚሮጥ ፕሮግራም ድረስ አራት በሮች አሉ። የጎደለው ነገር በየትኛው በር ላይ እንደተያዘ ካወቃችሁ መድኃኒቱን ግማሽ አገኛችሁ።

የመጀመሪያው በር ፍተሻ ነው። የምንጭ ኮዱ አቃፊ ውስጥ «ኮንፊገር» የሚባል ስክሪፕት አለ፤ ከሌለም «አውቶጀን» የሚባለው ያዘጋጀዋል። ኮንፊገር ኮምፒውተራችሁን ይጠይቃል፦ ኮምፓይለር አለህ? ቴሰራክት 5 የተጻፈበትን ሲ ፕላስ ፕላስ 17 ታውቃለህ? ሌፕቶኒካስ? ካጣው ቆም ብሎ «ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ሊብሌፕቶኒካ-ዴቭ የሚባለውን ፓኬጅ ለመጫን ሞክሩ» የሚል መልእክት ያወጣል። ልብ በሉ፦ ስሙን ነገራችሁ፣ የትኛውን ስሪት እንደሚፈልግ ነገራችሁ፣ ምን እንደምታደርጉም ነገራችሁ። ከዚህ የበለጠ ደግ ስሕተት የት አለ?

እዚህ ጋ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግር ነገር አለ። «ሌፕቶኒካ እኮ ጭኛለሁ!» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ጭናችኋል፤ ግን የማስኬጃውን ነው የጫናችሁት። የሊኑክስ ፓኬጆች አንዱን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የሚሮጠው ኮድ ነው። ሁለተኛው፣ ስሙ በ«ዴቭ» የሚያበቃው፣ ኮምፓይለሩ የሚያነባቸውን ሄደር የሚባሉ ፋይሎች የያዘ ነው። ሄደር የምግብ ቤት ሜኑ ነው ማለት ይቻላል፦ ምን ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚታዘዝ ይዘረዝራል፤ ምግቡ ግን ያለው ወጥ ቤት ነው። በልቶ ለሚሄድ ወጥ ቤቱ ይበቃዋል። አዲስ ትእዛዝ ለሚጽፍ ግን ሜኑው የግድ ነው። ስለዚህ «አለኝ እኮ» ስትሉ መጀመሪያ የዴቩ ፓኬጅ መኖሩን እዩ።

ሌላም ምክንያት አለ። ሌፕቶኒካን ራሳችሁ ገንብታችሁ የግላችሁ አቃፊ ውስጥ አስቀምጣችሁት ከሆነ ኮንፊገር እዚያ አይፈልግም። «ፒኬጂ-ኮንፊግ» የሚባለው ረዳቱ እያንዳንዱ ላይብረሪ የሚያስቀምጣትን ትንሽ መታወቂያ ፋይል ይፈልጋል፤ መታወቂያዋ ያለችበትን አቃፊ አድራሻ ልትነግሩት ይገባል።

ሁለተኛው በር ኮምፓይሉ ራሱ ነው። «ሜክ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀየራሉ። እዚህ የሚጎድለው ሄደር ነው፤ መልእክቱም «ኦልሄደርስ-ነጥብ-ኤች፦ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ይህ የሌፕቶኒካ ዋና ሜኑ ነው። የፋይሉን ስም አውቃችሁ የፓኬጁን ስም ካላወቃችሁ «አፕት-ፋይል» የሚባለው መሣሪያ የትኛው ፓኬጅ እንደያዘው ፈልጎ ይነግራችኋል።

በዚህ በር ላይ አንድ ወርቃማ ደንብ አለ፦ የመጀመሪያውን ስሕተት አንብቡ። አንድ ሄደር ሲጠፋ በእሱ የተማመኑት መስመሮች ሁሉ ተከታትለው ይወድቃሉ፤ መቶ ስሕተት ታያላችሁ። መስኮቱ መጨረሻ ላይ የምታዩት መቶኛው ነው፤ መንስኤው ግን አንደኛው ነው። ወደ ላይ ተመለሱ።

ሦስተኛው በር ማገናኘት ነው። በየፋሉ የተቀየሩት ቁርጥራጮች ከላይብረሪዎቹ ጋር ይሰፋሉ። እዚህ የሚመጣው ስሕተት «ያልተገለጸ ማጣቀሻ» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ሜኑው ላይ ያለ ምግብ ታዝዞ ወጥ ቤቱ «እኛ ጋ የለም» ሲል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ለአገናኙ የላይብረሪው ስም አልተነገረውም፤ ወይም ሜኑው የአዲሱ ስሪት ሆኖ ወጥ ቤቱ የአሮጌው ነው። ሁለተኛው የሚያጋጥመው አንድ ሌፕቶኒካ በአፕት፣ ሌላ ሌፕቶኒካ በእጃችሁ ጭናችሁ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

አራተኛው በር ማስኬድ ነው። ግንባታው አልቆ፣ ደስ ብሏችሁ ቴሰራክትን ስትጠሩት «ሊብሌፕት-ነጥብ-ኤስኦ-ነጥብ-5 የሚባለውን የጋራ ላይብረሪ መክፈት አልተቻለም» ሊላችሁ ይችላል። «አሁን እኮ ጫንኩት!» አዎ፣ ግን ሊኑክስ የጋራ ላይብረሪዎችን አድራሻ መዝግቦ ነው የሚያስታውሰው፤ አዲስ እንግዳ መጥቶ መዝገቡ አልታደሰም። «ኤልዲኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ መዝገቡን ያድሳል። «ኤልዲዲ» የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን የጋራ ላይብረሪዎች ዘርዝሮ ያልተገኘውን ያሳያል።

በዚሁ በር ላይ ኮድ ያልሆነ ተፈላጊም ሊጎድል ይችላል። ቴሰራክት ያለ ቋንቋ ሞዴል ማንበብ አይችልም፤ የአማርኛው ሞዴል ራሱን የቻለ ፋይል ነው። ከምንጭ ኮድ ስትገነቡ አብሮ አይመጣም። «አማርኛን መጫን አልተቻለም» ካላችሁ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ስላልሆነ እንደገና መገንባት አያስፈልግም፤ የሞዴሉን ፋይል አምጥቶ ቴሰራክት በሚፈልግበት አቃፊ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ዝም ብሎ የሚያልፈው

እስካሁን ያየናቸው ጉድለቶች ሁሉ ጮኸዋል። አሁን ወደማይጮኸው እንምጣ፤ ለዚህ ከጣና የተነሣ አንድ ታሪክ ይረዳናል።

በጣና ላይ የሚቀዘፈው ታንኳ ከደንገል ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉ ከጣና ተወሰደ፤ ከቻድ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ግብፅ ውስጥ ሰፉት፤ ስሙም «ራ» ተባለ። ከሞሮኮ ተነሥቶ ለሳምንታት፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ቀስ በቀስ ግን የኋላው ጫፍ ወደ ውኃው ዘቀጠ፤ ካሪቢያን ደሴቶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ራን ትተውት ወጡ። ምክንያቱ ኋላ ላይ ታወቀ፦ የጥንቶቹ ግብፃውያን የኋላውን ጫፍ እንደ ጅማት ወጥሮ ወደ ላይ የሚይዝ ገመድ ያደርጉ ነበር፤ ራ ሲሠራ ያ ገመድ ችላ ተብሏል። በማግሥቱ ዓመት ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች የሠሩት ሁለተኛው ራ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

የመጀመሪያው ራ ሲሠራ ማንም «ገመድ ጎድሏል» ብሎ አልጮኸም። ጀልባው ተንሳፈፈ፣ ሄደም። ጉድለቱ የተገለጠው ውቅያኖሱ መሐል ነው።

ወደ ሌፕቶኒካ እንመለስ። ለሌፕቶኒካ ሊብፒኤንጂ የቆሎ ዓይነት ተፈላጊ ነው፤ ኮንፊገር ካጣው አያቆምም። «ሊብፒኤንጂ፦ የለም» የሚል አንዲት መስመር ከመቶው መሐል ጣል አድርጎ ይቀጥላል። ሌፕቶኒካ ያለ ስሕተት ይገነባል። በእሱ ላይ ቴሰራክትም ያለ ስሕተት ይገነባል። አራቱንም በሮች አልፋችኋል። ከዚያ የብራናውን ፎቶ፣ ፒኤንጂ የሆነውን፣ ስትሰጡት «ፒኤንጂ ማንበቢያው ፈንክሽን የለም» ይላችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቴሰራክትን ደጋግሞ ይገነባል፤ ምንም አይለወጥም። መልእክቱ የወጣው በቴሰራክት መስኮት ነው፤ ገመዱ የጎደለው ግን አንድ ደረጃ ታች፣ ሌፕቶኒካ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የሊብፒኤንጂን የዴቭ ፓኬጅ ጭኖ ሌፕቶኒካን እንደገና መገንባት ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱን በጭንቅላታችሁ መያዝ ለእውቀት ያህል ብቻ አይደለም፤ የትኛውን ቀለበት መጠገን እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ቴሰራክት ራሱም እንዲህ ያለ ዝምታ አለው። አዲስ ሞዴል ለማስተማር የሚያገለግሉት የማሠልጠኛ መሣሪያዎቹ አይሲዩ፣ ፓንጎና ካይሮ የሚባሉ ላይብረሪዎችን ይፈልጋሉ። እነሱ ከሌሉ ኮንፊገር መጨረሻው ላይ «የማሠልጠኛ መሣሪያዎቹን መገንባት አይቻልም» የሚል መስመር ያስነብብና ዋናውን ፕሮግራም ይቀጥላል። የእጅ ጽሑፍ ሊያስተምረው የተነሣ ሰው ይህችን መስመር ካለፋት ሥራው ሁሉ የሚቆምበትን ነገር አልፏል።

ይህ የፕሮግራመሮቹ ግድየለሽነት አይደለም። ጄፔግ ብቻ ለሚያነብ ትንሽ መሣሪያ የቲፍ ላይብረሪ ሸክም ነው፤ ምርጫ መስጠታቸው ተገቢ ነው። ምርጫው የእኛ ስለሆነ ግን ማንበቡም የእኛ ነው። ሁለት ልማድ ያዙ። አንደኛ፣ ኮንፊገር ሲጨርስ የጻፈውን ማጠቃለያ ሳታነቡ «ሜክ» አትበሉ። ሁለተኛ፣ ቴሰራክትን ከገነባችሁ በኋላ ስሪቱን ጠይቁት፤ ከስሪቱ ቁጥር ሥር የሌፕቶኒካን ስሪትና አብረውት የተሰፉትን የምስል ላይብረሪዎች ይዘረዝራል። ሊብፒኤንጂ እዚያ ከሌለ ባሕሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ታውቃላችሁ።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ

«ተፈላጊውን አውርዱ» ማለት ቀላል ነው፤ ዘጌም ሆነ ሌላ ቦታ ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ጉድለት ሌላ ቀን ያስጠብቃል። ስለዚህ ገበያ አንዴ ወጥቶ ለሳምንት መሸመት ይሻላል።

አፕት «ቢልድ-ዴፕ» የሚባል ትእዛዝ አለው። አንድን ፕሮግራም ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ሁሉ፣ ሙቀጫውንም ምጣዱንም፣ በአንድ ጊዜ ያመጣል፤ ከዚያ በፊት ግን የሶፍትዌር ምንጮች ቅንብር ውስጥ የምንጭ ኮድ ማከማቻውን መክፈት ያስፈልጋል። አፕት «አውርድ እንጂ አትጫን» ሊባልም ይችላል፤ ፓኬጆቹ በጊዜያዊ ማከማቻው ይቀመጣሉ። እነዚያን በፍላሽ ገልብጣችሁ ኢንተርኔት ወደሌለው ኮምፒውተር መውሰድ ትችላላችሁ፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ ስሪትና አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሊኖራቸው ግን ይገባል። ለ24.04 የተዘጋጀ ፓኬጅ 22.04 ላይ መጫን መደባለቅን መጋበዝ ነው።

የምንጭ ኮዱን በ«ጊት» የምታወርዱ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ታሪኩን ማምጣት የለባችሁም። የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ እንዲያመጣ ጥልቀቱን አንድ በሉት፤ ካርድ ይቆጥብላችኋል።

እነዚህን አታድርጉ

አንድ ፕሮግራም «ቁጥር 5 ላይብረሪ ያስፈልገኛል» ሲል፣ ቁጥር 4ን ስሙን ቀይራችሁ «ይኸው 5» አትበሉት። ከስሙ ኋላ ያለው ቁጥር ቃል ኪዳን ነው፤ የውስጥ አሠራሩ ሲለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ሐሰተኛ መታወቂያ በሩን ያሳልፋል፤ ፕሮግራሙ ግን መሐል ላይ ይወድቃል፣ ወይም ይባስ ብሎ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

የጎደላችሁን ላይብረሪ ካገኛችሁት ድረ ገጽ ሁሉ አታውርዱ። ማን እንደገነባው የማይታወቅ የተዘጋጀ ፋይል ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ከስርጭቱ ማከማቻ ወይም ከላይብረሪው ባለቤቶች የምንጭ ኮድ ውሰዱ።

ለሙከራ የምትገነቡትን የራሳችሁ አቃፊ ውስጥ ጫኑት እንጂ ከሥርዓቱ ፋይሎች ጋር አትቀላቅሉት። ኮንፊገር የት እንደሚጫን በ«ፕሪፊክስ» ምርጫ ይቀበላል። ነገሩ ካልሆነ አቃፊውን መደምሰስ ነው፤ ኮምፒውተሩ አይነካም።

ራሳችሁ ሞክሩት

ከትልቁ አትጀምሩ። ዜድሊብን አውርዱ፤ ከሲ ኮምፓይለርና ከሜክ በቀር ብዙም የሚጠይቃችሁ የለም፤ በደቂቃ ያልቃል። ቀጥላችሁ ሊብፒኤንጂን በእሱ ላይ ገንቡ። ከዚያ ሌፕቶኒካ ላይ ስትደርሱ ሆን ብላችሁ አበላሹት፦ ኮንፊገሩን «ያለ ሊብፒኤንጂ» ብላችሁ እዘዙት፤ ይህን የሚቀበል ምርጫ አለው። ግንባታው ያለ ኮሽታ ሲያልቅ ተመልከቱ። ቴሰራክትን በላዩ ገንብታችሁ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፒኤንጂ ምስል ስጡት። የሚወጣውን መልእክት ቅዱት። አሁን ሌፕቶኒካን ብቻ መልሳችሁ በትክክል ገንቡና ያንኑ ምስል ስጡት።

ይህን አንዴ በእጃችሁ ካደረጋችሁት፣ ሌላ ጊዜ ምንም ዓይነት ፕሮግራም ስትገነቡ ሦስት ነገር ትጠይቃላችሁ፦ የጎደለው ስሙ ማን ነው? በየትኛው በር ላይ ተያዘ? ሰንሰለቱ ላይ ቦታው የት ነው? ለሦስቱ መልስ ካላችሁ ገበያ መውጣት ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ብራናውን የሚያነብ የአማርኛና የግዕዝ መሣሪያ ደግሞ ሌላ ሰው ሠርቶ እስኪያሽግልን መጠበቅ የለብንም፤ ጥሬው እጃችን ላይ አለ።